በቡሬ መንገድ የተከፈተው ባሕር

እኔ ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በኋላ «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» እንዳትሉኝ። ውሻ እፈራለሁ። ያልታሰረውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የታሰረውንም እፈራለሁ፤ ገመድ ይበጠሳላ። ባጃጅ እፈራለሁ፣ በተለይ ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያወራኝ። የማላውቀው ስልክ ሲደወል «ማን ሞቶ ይሆን?» ብዬ ነው የማነሣው። መሥሪያ ቤታችን ግምገማ ሲደርስማ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ያላጠፋሁትን ሁሉ መናዘዝ እለማመዳለሁ። ሌላው ሰው «ሂሴን ውጫለሁ» ብሎ ሲቀመጥ፣ እኔ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ሂስ ጭምር ውጬ ነው የምወጣው።

ይህ ሌላ አገር ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ችግሩ ጎጃም መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ሰውን ሌባ ቢሉት ይከሳል፤ ፈሪ ቢሉት ግን አገር ይለቃል። «ፈሪ ለናቱ» ይባላል፣ ለስድብ። እናቴ ብቻ እንደ ምርቃት ነበር የምትሰማው። «ታዲያ ለማን ሊሆንልሽ ፈለግሽ?» ትላለች ሰዳቢዋን።

እንዲህ ሆኜ እየኖርሁ ሳለ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የምታስተምር ስመኝ የምትባል ልጅ ወደድሁ። ስመኝን መውደድ አያስፈራም። ሳቂታ ናት፣ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ውሻም የላትም። የሚያስፈራው አባቷ ናቸው። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሞተውም ግን ያስፈራሉ። በማንኩሳ ዙሪያ ስማቸው ሲነሣ ተጋድሞ የሚሰማ ሰው የለም፤ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ሽፍታ ብቻቸውን ከበው አስረክበዋል ይባላል። ዱላቸውን ያልቀመሰ ባለጋራ የለም ይባላል። ቀብራቸው ላይ የተሸለለው ሽለላ እስከ ዛሬ በየሠርጉ ይደገማል። እንግዲህ የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ለማን ትሰጣለች? ግራር ላይ ወጥቶ ላደረ ሰው?

የግራሩ ነገር እውነት ነው። አንድ ማታ ጅብ መጣብኝ ብዬ ግራር ላይ ወጥቼ አድሬያለሁ። ሲነጋ አህያ ሆኖ ተገኘ። ይህን ታሪክ ከቤተሰቤ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ከቤተሰቤም ውስጥ አጎቴ አያ ተሰማ በደንብ ያውቁታል። ታዲያ እሳቸው ስመኝን ለመጠየቅ የላክኋቸው ሽማግሌዎች አለቃ ሆነው ማንኩሳ ወርደው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ልጃችን አንበሳ ነው። በጨለማ ጅብ ገጥሞት እስኪነጋ ተፋጥጦ ያደረ ነው» ብለው ማሉ። ከሐሰቱ ይልቅ መሐላው አስደነገጠኝ። እሳቸው ግን «ከጀግና ቤት የሚጋባ በጀግንነት ነው የሚጋባው፤ አንተ ዝም በል» አሉኝ።

መልሱ ቶሎ አልመጣም። መጀመሪያ «እናስብበት» ተባለ። ቀጥሎ «ዘር እንቁጠር» ተባለ፤ እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ዝምድና አልተገኘም። ከዚያ «እናትየዋ ገና አልቆረጡም» ተባለና ነገሩ እዚያ ላይ ተገተረ። ስመኝን ብጠይቃት «እማዬ ናት የያዘችው። ምን እንደከበዳት ግን አትነግረኝም» አለችኝ። እኔ ግን ምን እንደከበዳቸው አውቄዋለሁ። የአህያዋን ነገር ደርሰውበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ፣ እንቅልፍም ራቀኝ።

እናትየዋ ወይዘሮ አንጓች ይባላሉ። እኔ እሳቸውን ከሩቅ አውቃቸዋለሁ፤ ስመኝ አንድ የገበያ ቀን አሳይታኛለች። እሳቸው እኔን ይወቁኝ አይወቁኝ ግን አላወቅሁም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ እስኪያገኝ ከልጅቷ እናት ጋር ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ነውር ነው። መንገድ ላይ ከመጡበት ወደ አጥር ይጠጋል፤ አጥር ከሌለ ገደል ይፈልጋል። እኔም ወራቱን በሙሉ አጥርና ገደል ስፈልግ ከረምሁ።

ይህን ሁሉ ያየው ሰለሞን ነው። ሰለሞን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የቢሮ ባልደረባዬ ነው፤ የዚህን ዓለም ችግር በሙሉ «ፈታ በል» በሚል ቃል የሚፈታ ሰው። አለቃ ሲቆጣ «ፈታ በል»፣ ደመወዝ ሲዘገይ «ፈታ በል»፣ አንድ ቀን ልቅሶ ቤት ወስጄው ለሟች ወንድም «ፈታ በል» ብሎት በስንት ልመና ነው ያተረፍሁት። እሱ ነው እንግዲህ ቡሬ መንገድ ላይ ቢች ተከፍቷል ብሎ የመጣው። ባሕር በሌለበት ቢች እንዴት ይከፈታል ብዬ ብጠይቀው «ባሕሩንም አብረው ከፍተውታል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዕድሜውን ጅቡቲ ሲመላለስ የጨረሰ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። እዚያ ያየው የባሕር ዳርቻ ከዓይኑ አልወጣ ብሎት፣ አገሩ ሲመለስ ባለሀብት ሆኖ መሬት ተመራ፤ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ያለውን አንዱን ወንዝ ገደበው፣ ዳሩ ላይ አሸዋ በገልባጭ ደፋ፣ ሙዝ ተከለ። በሩ ላይ «ትሮፒካል ቢች ክለብ፤ ልማታዊ መዝናኛ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ያን ዘመን «ልማታዊ» ያልተባለ ነገር ፈቃድም አያገኝ።

የግንቦት ሃያ ዕለት ነው፤ ሥራ ዝግ ነው። ሰልፉ እንዳለቀ ሰለሞን ክንዴን ይዞ ሚኒባስ ውስጥ ከተተኝ፤ የወረቀቷን ባንዲራ እንኳ ከእጄ አላስቀመጥሁም። ማንኩሳን እንደምናልፍ ትዝ ያለኝ ከተንቀሳቀስን በኋላ ነው። ከተማዋ ስትቀርብ ጎንበስ ብዬ ጭንቅላቴን ጉልበቴ መኻል ቀበርሁ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ሊያስመልሰኝ ያለ መስሏቸው ከመቀነታቸው ሎሚ ፈትተው አፍንጫዬ ላይ ያዙልኝ። ሾፌሩ «መኪናዬ ላይ እንዳታስመልስ» ብሎ የት ቢያቆም ጥሩ ነው? ማንኩሳ ገበያ መግቢያ ላይ። ተሳፋሪው ሁሉ ውረድና ተንፍስ ይለኛል፤ እኔ አልወርድም ብዬ የወንበሩን እግር አቅፌአለሁ። ረዳቱ ቀስ ብሎ ሰለሞንን «እስረኛ ነው እንዴ?» ሲለው ሰማሁ። ሰለሞን «ሙሽራ ነው» አለ። ረዳቱም ያው ነው ብሎ በሩን ዘጋ።

ቢቹ ጋ ስንደርስ ከበሩ ጀምሮ አላማረኝም። የሾፌሩ ደንብ ብዙ ነው። በሱሪ አሸዋ ላይ መተኛት ክልክል፤ ልብስ አውልቆ ለልብስ ጠባቂዋ ማስረከብ ግዴታ፤ ወደ ውሃው ከመግባት በፊት ከላይ በቧንቧ በሚወርድ ውሃ መታጠብ ግዴታ። ቧንቧው ረጅም ነው፤ ውሃው ከቅዝቃዜው የተነሣ የገባ ሁሉ «እሪ!» ሳይል አይወጣም። ቁምጣ አመጡልኝ። ቁምጣ ለጎጃሜ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኛ ቁምጣ ግን ሰው ያስከብራል፤ ወፍራም ነው፣ ጠርዙ ጥልፍ ነው፣ ዳኛ ፊት ይቆሙበታል። ይሄኛው ሙዝ የተሣለበት ስስ ነገር ነው፤ ላስቲኩም ሞቷል፣ ካልያዙት ይወርዳል። ፎጣ ስጠይቅ ነጭ አቡጀዴ ቀድደው ሰጡኝ። በአቡጀዴ እኛ ሰው መች እንደምንጠቀልል ታውቃላችሁ፤ ሲገነዝ ነው። ይሄን ሳይ ሰለሞንን «እንመለስ» ብዬ ብጠራው ራሱን ቧንቧው ሥር አስገብቶ እየጮኸ ነው።

አንድ እጄ ቁምጣዬ ላይ፣ አንድ እጄ አቡጀዴዬ ላይ ሆኖ ወደ አሸዋው ሄድሁ። ጥላዎች ተተክለዋል። ሾፌሩ ጨርቁን ከየት እንዳገኘው እንጃ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ዳር ዳሩን ዘርፍ ያለው፣ በጥምቀት ለታቦት የሚያዘው ዣንጥላ ራሱ ነው። ከጥላዎቹ ሥር ጠፍር አልጋ ተደርድሯል። በየአልጋው ላይ ሰው በነጭ አቡጀዴ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተዘርግቷል። እኔም ተዘረጋሁ።

ዘና በሉ የሚሉት ይህንን ከሆነ አይድረስባችሁ። ፀሐይ መሞቅ እኛም እናውቃለን፤ ጠዋት፣ ጋቢ ለብሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ። በቀትር፣ ዕርቃኑን፣ በጀርባው ተዘርሮ ፀሐይ የሚሞቅ ግን የተሰጣ በርበሬ ብቻ ነው። ቀትር ስል ደግሞ ሌላው ትዝ አለኝ። በቀትር ውሃ ዳር አይተኛም፤ ባለቤቶቹ የሚወጡበት ሰዓት ነው። «ባለቤቶቹ» ስል ሾፌሩን ማለቴ አይደለም፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ዛሬም ቢሆን አልጠራም። ውሃው ላይ አረፋ ብቅ ባለ ቁጥር በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን እጀምራለሁ፤ ከድንጋጤ የተነሣ መጨረሻው ይጠፋኝና እንደገና ከመጀመሪያው እነሣለሁ።

ይህን ሁሉ ጥቂት የሚያስረሳኝ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ዘፈን ነበር። እሱም መብራት ጠፋና ቀጥ አለ። ጄኔሬተሩ ቤንዚን የለውም ተባለ፤ ልብስ ጠባቂዋ ቤንዚን ፍለጋ ቡሬ ሄደች፤ የልብሱን ክፍል ቁልፍ በአንገቷ እንዳንጠለጠለች። ሱሪዬ ቡሬ ካልተሄደለት የማይመለስ ሆነ። ቦታው እርጭ አለ። የሚሰማው ከቧንቧው የሚወርደው ውሃና አልፎ አልፎ ከሥሩ የሚወጣው «እሪ» ብቻ ሆነ።

በዚህ መኻል ነው ሴቶቹ በበሩ የገቡት። ነጭ የለበሱ፣ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ሦስት የገጠር እናቶች ናቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ የበሩን መቃን በግራም በቀኝም ተሳለሙ። ዘበኛው ሽማግሌ ግራ ገብቷቸው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ እሳቸውም ለማንኛውም ብለው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከሴቶቹ አንዷ ዙሪያውን አየች፤ ዣንጥላውን፣ በነጭ የተጠቀለለውን ሰው፣ ቧንቧ ሥር የሚጮኸውን። «የሕመምተኛው ብዛት» አለች፣ ከንፈሯን መጠጠች።

ያኔ ገባኝ። በነገታው የግንቦት ማርያም ነው፤ በቡሬ መንገድ ላይ አዲስ ውሃ ተገኘ፣ የከተማ ሰው ከየአገሩ እየመጣ ይነከርበታል የሚል ወሬ ገጠር ገብቷል። ጠበል ፈለቀ ብለው ነው የመጡት። ልሥቅ ብዬ አፌን ስከፍት ሦስተኛዋን አየኋት፤ አይ፣ አየኋቸው ልበል። ረዘም ያሉ፣ ቀኝ እግራቸውን የሚጎትቱ፣ ወይዘሮ አንጓች።

አጥር ፈለግሁ፤ ሩቅ ነው። ገደል ፈለግሁ፤ ሾፌሩ በገልባጭ ደልድሎታል። ሱሪዬ ቡሬ ነው። የቀረኝ ውሃው ብቻ ነው። እኔ፣ ገንዳ ውስጥ እግሬን ስነክር እንኳ የማማትብ ሰው፣ አቡጀዴውን ጥዬ ዘልዬ ገባሁ። እስከ አንገቴ ደረሰ። ከሥር ጭቃ ነው፤ ጭቃው እግሬን ይስባል፣ ወደ ታች ጎትቶ የሚያስቀረኝ መሰለኝ። አንድ የሚያሙለጨልጭ ነገር ባቴን ነክቶኝ አለፈ። ላስቲኩ የሞተው ቁምጣ ደግሞ ውሃ ሲገባበት ወደ ላይ መንሳፈፍ ጀመረ፤ በሁለት እጄ ያዝሁት። እናንተዬ፣ ብወጣ አማት፣ ብቀር ጭቃ፤ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሴቶቹ መጥተው እኔ ካለሁበት ፊት ለፊት ዳሩ ላይ ተቀመጡ። ከኋላዬ ሰለሞን በጀርባው ተንሳፍፎ እጁን እያወራጨ በደስታ ይጮኻል። ትልቋ ሴትዮ «ተመስገን፣ አስጮኸው፤ ሊለቀው ነው» አለች። አስተናጋጇ አጭር ቁምጣ ለብሳ ትሪ ይዛ ስታልፍ ሁሉም በአንድነት ደነገጡ። ልብሷን አስጥሎ የሚያስዞራት ክፉ ነገር እንደሆነ ተስማሙና ትልቋ ሴትዮ ተነሥታ ነጠላዋን አለበሰቻት፤ ጸጉሯን ዳበስ አድርጋም «ይምርሻል ልጄ» አለቻት። አስተናጋጇ አመሰገነች፤ ነጠላውን እንደለበሰች ለስላሳ ማደሏን ቀጠለች።

ከዚያ የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ወደቀ። ከብርዱና ከፍርሃቱ የተነሣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ትልቋ ሴትዮ አተኩራ አየችኝና ይሄ ጠና ያለ ነው ብላ፣ እንደ ካህን ሆና፣ በውስጤ አለ ያለችውን መንፈስ «ስምህን ተናገር» አለችው። እኔ ደግሞ በግምገማም ሆነ በጠበል ስም ስጠየቅ ልቤ ይጠፋል። ስሜን ተናገርሁ። የአባቴን ጨመርሁ። ማቆሚያው ጠፋኝ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስንት ቀን የሸመደድሁትን የዘር ቆጠራ አያት ቅድመ አያቱን እየጠራሁ እስከ ሰባት ቤት ወረድሁት። ሴትዮዋ «ሰባት ናቸው» ብላ አማተበች፤ ወደ ኋላም ሸሸት አለች።

ወይዘሮ አንጓች ግን አልሸሹም። ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩ። «አራተኛውን አያትህን ዘለልሃቸው» አሉኝ።

ውሃው ውስጥ ሆኜ አላበኝ። ለካስ ያውቁኛል። ሲያጣሩ የኖሩት በወሬ ብቻ አይደለም፤ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ እኔ ከሳቸው ለመደበቅ አጥር ለአጥር ስሄድ እሳቸው ከኋላዬ ነበሩ። ቀስ ብለው ምን ያመኛል ብለው ጠየቁኝ። አሁን እንግዲህ መልሱ። አሞኛል ብል፣ «ዘሩ ውስጥ በሽታ አለ» ይባላል፤ በዚህ ምክንያት የፈረሰ ጋብቻ በአገራችን ሞልቷል። አላመመኝም ብል፣ በማርያም ዋዜማ፣ በቀን፣ በሙዝ ቁምጣ አሸዋ ላይ የሚጋደም ስድ መሆኔ ነው። በሁለቱም በኩል ስመኝ የለችም።

እሳቸው ግን መልስ አልጠበቁም። ቀሚሳቸውን ትንሽ ገለጥ አድርገው ቀኝ ጉልበታቸውን በውሃው አሹት። ከዚያ በኩባያ ቀዱ። ከትላንት ጀምረው እህል አልቀመሱም፤ ሊጠጡት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያ ውሃ ከላይ የማንኩሳ ከብት የሚቆምበት ነው። በውስጡ ሰለሞን አለበት፤ ሰለሞን ከገባ ጀምሮ ሽንት ቤት ሲሄድ አላየሁትም። ዝም ብል እሳቸው ይጠጣሉ፣ እኔ ጠበልተኛ ሆኜ አመልጣለሁ። ግን ቢታመሙስ? ቢሞቱስ? የስመኝ እናት! ሠርጉ በሐዘን ይዘገያል ብዬ መጀመሪያ ያሰብሁት የራሴን ነው፤ አልዋሽም። ወዲያው ግን ስመኝ ደረቷን ስትደቃ ታየችኝ፤ ከፍርሃቴ ሁሉ ይሄኛው ባሰ።

«እናቴ አይጠጡት! ጠበል አይደለም!» ብዬ ጮኽሁ።

ኩባያው አፋቸው ላይ ቆመ። ሁሉንም አፈረጥሁት። ሾፌሩን፣ ጅቡቲን፣ ግድቡን፣ አቡጀዴውን፣ ከብቶቹን፤ የሰለሞንን ሽንት እንኳ አልሸሸግሁም። ትልቋ ሴትዮና ጓደኛዋ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ወደ ዘበኛው ነጎዱ፤ ሽማግሌ ሆነው ምነው ዝም አሉን ብለው ሲያፋጥጧቸው ከሩቅ ይሰማል። ወይዘሮ አንጓች ግን ኩባያውን አሸዋው ላይ ደፍተው ተቀምጠው ቀሩ።

«አንተ ታዲያ ሳትታመም ምን አስገባህ?» አሉኝ።

«ልዝናና ብዬ ነው።»

ከአንገቴ በላይ ያለውን አዩ። ከንፈሬ ጠቁሯል፣ ጥርሴ አልቆም ብሏል፣ ዓይኔ ቀልቷል። «አሁን እየተዝናናህ ነው?»

«የለም፤ እየፈራሁ ነው» አልኋቸው። ምኑን ነው የምትፈራው ሲሉኝ፣ ከተከፈተ አይቀር ብዬ ዘረገፍሁት። ጭቃውን እፈራለሁ አልሁ። ቅድም ባቴን የነካኝን እፈራለሁ፣ ቀትሩን እፈራለሁ፣ ቁምጣዬ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ፣ ከሁሉም በላይ እርስዎን እፈራለሁ አልሁ። ጅብ አስፈርቶኝ ግራር ላይ እንዳደርሁ፣ ጅቡም አህያ እንደነበር ነገርኋቸው። አያ ተሰማ የማሉት ሐሰት ነው፤ እኔ ጀግና አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም አልሁ። ስጨርስ እንባዬ መጣ። ስመኝን በገዛ አፌ አጣኋት ብዬ ነው።

ወይዘሮ አንጓች ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ይዘውታል።

«ሽማግሌዎችህ ጀግና ነው ብለው ሲምሉልኝ ነው እንቅልፍ ያጣሁት» አሉ። «እነሱ ሲምሉ ይሄ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ሰው የብርድ ይመስለዋል፤ ልጆቼም የብርድ ይመስላቸዋል። አገር የሸለለለት ክንድ ነው የሰበረው።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው እኔ ልደርስበት የምችልበት ዳር ላይ አስቀመጡልኝና፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

«በል ውጣ፣ ልበስ። እኔ ጀግና አግብቼ አይቻለሁ» አሉ፣ ሳይዞሩ። «ልጄ ፈሪ ታግባ።»

ሠርጋችን ጥር ላይ ሆነ። አያ ተሰማ በኔ ጀግንነት እንዳሸነፉ ያምናሉ፤ እኔም አልነካኋቸውም። ወይዘሮ አንጓችን ለጉልበታቸው ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት እኔው ነኝ የማመላልሳቸው፤ ያረጀ ስብራት አይድንም ብለዋቸዋል፣ ማስታገሻ ግን ይሰጧቸዋል። እኔ ዛሬም ውሃ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ቀትር እፈራለሁ። ማታ ማታ ግን ስመኝ እየሣቀች ስታወራኝ፣ ድንገት ድምፄ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ እሷ ሳትደነግጥ እኔ ቀድሜ እደነግጣለሁ፤ አንድ ቀን ተሳስቼ ጀግና እንዳልሆንባት ነው የምፈራው።